በሰማይ ታየ ስለሚባለው ነገርና ስለ ቪዲዮ ምሥክርነት

ሩዋይስ በጅዳ ከተማ፣ በለድ ከሚባለው ከአሮጌው ከተማ በስተ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ጥንት ከቅጥሩ ውጭ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ ከተማይቱ እየሰፋች በሄደች ጊዜ ግን በውስጧ ቀረ። ከዚህ ሰፈር ቆሞ በምሽት ወደ ባሕሩና ወደ ሰማዩ የሚመለከት ሰው የሚያየው ብርሃን ብዙ ነው። ዛሬ ደግሞ ሰው ያየውን ሁሉ በእጅ ስልኩ ስለሚቀርጸው፣ በምሽት የታየ ብርሃን ሌሊቱ ሳይነጋ ጅዳን አልፎ መካን፣ ሪያድንና አዲስ አበባን ያዳርሳል። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ቃል ይጨመርለታል፤ «ከሌላ ዓለም የመጣ በራሪ ነገር» ይባላል፤ አለዚያም «ባዕድ ፍጡር ታየ» ይባላል።

ወዲያው ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «በዓይን የታየ ነገር እንዴት ይካዳል?» ሲል፣ ሌላው «በመሣሪያ የተቀነባበረ ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚከራከሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥያቄ፣ ቪዲዮው በተባለው ቦታና በተባለው ቀን በእውነት በካሜራ የተቀረጸ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ በእውነት የተቀረጸስ ቢሆን የተቀረጸው ነገር ምንድን ነው? የሚል ነው። የፊተኛው ስለ ምሥክሩ ይጠይቃል፤ የኋለኛው ምሥክሩ ስላየው ነገር ይጠይቃል። ምሥክር ሳይዋሽ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ለአንደኛው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለሁለተኛው መልስ አይሆንም።

በብራና መጻሕፍት ላይ የሠራ ተማሪ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያውቀዋል። አንድ መጽሐፍ በእጁ በገባ ጊዜ በመጀመሪያ የሚመረምረው የፊደሉን አጣጣል፣ ቀለሙን፣ የብራናውን አዘገጃጀትና ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ የተወውን ቃል ነው። መቼ ተጻፈ? በማን እጅ ተጻፈ? ከየትኛው መጽሐፍ ተገለበጠ? ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ የሚናገረውን መተርጐም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ዘመኑና ጸሐፊው በትክክል የታወቀ መጽሐፍ በውስጡ የተሳሳተ ወሬ ሊይዝ ይችላል፤ ጸሐፊው የሰማውን በቅንነት ጽፎ ይሆናልና። የቪዲዮም ነገር እንዲሁ ነው።

ከሁለቱ ጥያቄዎች በሩዋይስ ዘወትር የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው። በዚያ ሰማይ ላይ ከሚታዩት መብራቶች አብዛኞቹ በእውነት የነበሩ ናቸውና። የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ፣ በተለይ በሐጅ ወራት አውሮፕላኖች ተከታትለው ይወርዳሉ። የማረፊያ መብራቱን አብርቶ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ አቅጣጫ የሚመጣ አውሮፕላን ለብዙ ደቂቃ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ወደ ጎን አይሄድም፤ ብርሃኑ ብቻ ቀስ በቀስ ይጎላል። አውሮፕላኑ በታጠፈ ጊዜ መብራቱ ፊቱን ከተመልካቹ ስለሚያዞር ብርሃኑ በድንገት ይጠፋል። ድምፅም ላይሰማ ይችላል፤ ድምፅ አሥር ኪሎ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስድበታልና፣ የከተማው ጩኸትም ይውጠዋል። ስለዚህ «ያለ ድምፅ ቆሞ የነበረው ብርሃን በቅጽበት ተሰወረ» ብሎ የሚናገር ሰው ሐሰተኛ አይደለም። ያየውን በትክክል ተናግሯል፤ የተሳሳተው ባየው ላይ በጨመረው ትርጓሜ ነው።

በዚያው ባሕር ዳር የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሥራ የጀመረው ይህ ፏፏቴ የባሕር ውኃ እየሳበ ከ250 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ሌሊት ሌሊትም ከሥሩ መብራት ይበራለታል። ነፋስ ሲነሣ ነጩ ዓምድ ይጎብጣል፤ ጫፉም እንደ ደመና ይበተናል። የጅዳ ሰው ይህን ሲያይ አይደነቅም። ይኸው ሥዕል ግን የቦታው ስም ሳይጻፍበት ጎንደር ወይም ደሴ ቢደርስ፣ ተመልካቹ የሚያመሳክርበት ነገር ስለሌለው የመሰለውን ይላል። በመካም እንዲሁ 601 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ግንብ በጫፉ ብዙ መብራት ይዟል፤ በበዓላት ጊዜ ወደ ሰማይ የሚላከው ጨረር ስስ ደመና ሲያገኝ በደመናው ላይ የብርሃን ነጸብራቅ ይሠራል። ሕንጻው በሥዕሉ ውስጥ ካልገባ የሚታየው ነጸብራቁ ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ብርሃኑን ራሱ ካሜራው የሚፈጥርበት ጊዜ አለ። የካሜራ ዓይን በአንድ ላይ የተደረደሩ ብዙ መስተዋቶች ያሉት ስለሆነ፣ ኃይለኛ የመንገድ መብራት ሲገባበት ብርሃኑ በመስተዋቶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ተንጸባርቆ በሌላ ቦታ እንደ ትንሽ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ይታያል። ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። እውነተኛውን መብራትና የተጠረጠረውን ነጥብ የሚያገናኝ ቀጥተኛ መስመር ቢሰመር አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሉ መካከለኛ ነጥብ ላይ ያልፋል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስም መብራቱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ነጥቡ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ደግሞም የእጅ ስልክ ሩቅ የሆነ አንድ ነጥብ ብርሃን፣ ለምሳሌ የአጥቢያን ኮከብ፣ አቅርቦ ለማሳየት ሲታገል ጥራቱን ያጣና ነጥቡን ወደ ክብ ሳሕንነት ይለውጠዋል። «በራሪ ሳሕን» ከተባሉት ውስጥ ስንቱ የአጥቢያ ኮከብ እንደሆነ ማን ቆጥሮት!

ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። በዚያ ወር ስታርሊንክ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ 60 ሳተላይቶች በአንድ ሮኬት ተላኩ። እንዲህ ያሉት ሳተላይቶች ከተላኩ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ሳትወጣ፣ ዶቃ በክር እንደ ተሰካ ተሰልፈው በሰማይ ያልፋሉ። ቪዲዮው እውነተኛ፣ ተመልካቹም ቅን፣ ነገሩም በእርግጥ በሰማይ ያለፈ ነው፤ ሠሪው ግን የምድር ሰው ነው።

የመጻሕፍት መተርጕማን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ይፈቱታል። በሰማይ ለታየ ብርሃንም አንድም አውሮፕላን፣ አንድም ኮከብ፣ አንድም ሳተላይት እያሉ መፍታት ይቻላል። ነገር ግን «አንድም» የተባለው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም፤ የቦታው፣ የሰዓቱና የአቅጣጫው ምሥክርነት አንዱን ያጸናል፣ ሌላውን ይጥላል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለት ወደ ቪዲዮው ትክክለኛነት ስንመለስ፣ ለተሳላሚዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው በኢየሩሳሌም የሆነው ነው። ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሰባት ሰዓት ገደማ ተቀረጸ የተባለ ቪዲዮ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። የተቀረጸው ከከተማው በስተ ደቡብ ካለው ከአርሞን ሐናጺብ ኮረብታ ነው ተባለ። በቪዲዮው አንድ የብርሃን ክብ ብዙዎች የዑመር መስጊድ ከሚሉት ከወርቃማው የዓለት ጉልላት በላይ ይታያል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከጉልላቱ በላይ ጥቂት ይቆያል፤ ብልጭ ይላል፤ ከዚያም እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወደ ሰማይ ይምዘገዘጋል። ወዲያው ሁለተኛ ቪዲዮ ወጣ፤ ከዚያም ሦስተኛና ሌሎችም ተከተሉ።

የደጋፊዎቹ ክርክር እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ ካሜራ የተቀረጹ ቪዲዮዎች አንድ ነገር ሲያሳዩ እንዴት ሐሰት ይሆናል? ይህ ክርክር ሲሰሙት ጠንካራ ይመስላል፤ በፍርድ ቤትም ሁለት ምሥክር ከአንድ ይበልጣልና። ነገር ግን የምሥክር ብዛት የሚጠቅመው ምሥክሮቹ አንዱ ከሌላው ሳይሰሙ የመጡ ሲሆኑ ነው። ከአንድ መጽሐፍ የተገለበጡ አምስት ግልባጮች በአንድ ቃል ቢስማሙ እንደ አምስት ምሥክር አይቆጠሩም፤ በፊተኛው መጽሐፍ ላይ የነበረውን ግድፈት አምስቱም ደግመውት ይሆናል። የኢየሩሳሌም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቪዲዮዎች ከአንድ ኮረብታ፣ ጎን ለጎን ከቆሙ ሰዎች ዘንድ እንደ ተገኙ የተነገረ ነው። በኋላ የመጣው ቪዲዮ ደግሞ የፊተኛውን አይቶ ሊሠራ ይችላል።

የቪዲዮ ቅንብር ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ምርመራቸውን የጀመሩት ከብርሃኑ ሳይሆን ከሥዕሉ ዳርቻ ነው። በዚህ አደረጉት ሥራ ውስጥ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ጥበብ አለ። በእጅ የተያዘ ካሜራ ይንቀጠቀጣል። ሐሰተኛ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ ከሥዕሉ ላይ ብርሃኑን ከለጠፈ በኋላ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ወዲያና ወዲህ ያንቀጠቅጠዋል። ሥዕሉ ወደ ግራ ሲገፋ በቀኝ ዳርቻ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም ያን ባዶ ቦታ የሚሞላው አጠገቡ ያለውን የሥዕል ክፍል እንደ መስተዋት ገልብጦ በመድገም ነው። ከኢየሩሳሌም ቪዲዮዎች በአንዱ ዳርቻ ላይ የከተማይቱ መብራቶች እንዲህ ተገልብጠው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለአፍታ ሲታዩ ተገኙ። ካሜራ እንዲህ ያለ ሥዕል አያወጣም። ሌላው ቪዲዮ ደግሞ ከጀርባው ያለው የከተማው ገጽ ተንቀሳቃሽ ሳይሆን የቆመ ፎቶግራፍ መሆኑ ተገለጠ። ሐሰተኛው ሠሪ ዓይን ሁሉ የሚያርፍበትን ብርሃን አሳምሮ ሠርቶ፣ ማንም የማያየውን ዳርቻ ረሳ።

ሁለተኛው መመርመሪያ ዝምታ ነው። ከዓለቱ ጉልላት እስከ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚኖሩበት የዴር ሡልጣን ገዳም አለ። ቪዲዮዎቹ ተቀረጹበት የተባለው ኮረብታ ግን ከጉልላቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአሮጌው ከተማ ውስጥ በጨለማ የሚነቃ አለ፤ ለጸሎት የሚነሣ አለ፤ በየጎዳናው ወታደርና የጥበቃ ካሜራ አለ። በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ቆሞ የሚታይ ብልጭታ በግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ግድግዳ ሁሉ ባበራ ነበር። ተቺዎቹም፣ ከኮረብታው ይልቅ ለጉልላቱ ከሚቀርቡት ሰፈሮች ነጻ ምሥክር የት አለ? ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ አልቀረበም። እርግጥ ነው፣ ዝምታ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ ሰው ያየውን ሳይናገር ሊቀር ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው በሚኖርበትና የዓለም ዓይን ሌት ተቀን በሚመለከተው ቦታ ላይ ሲሆን ዝምታው ክብደት አለው።

ከኢየሩሳሌም በፊት በዓለም ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በ1987 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1995) ሬይ ሳንቲሊ የተባለ የለንደን ሰው ያወጣው ፊልም ነው። በ1947 እ.አ.አ. በአሜሪካ፣ በሮዝዌል አካባቢ ወደቀ ከተባለ በራሪ ሳሕን የተገኘ የባዕድ ፍጡር ሬሳ ሲመረመር ያሳያል ተባለ። በነሐሴ ወር ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በብዙ አገሮችም ታየ። የክርክሩ አንዱ ክፍል በፊልሙ ዳርቻ ባለው ምልክት ላይ ነበር። ኮዳክ ኩባንያ በፊልሙ ጠርዝ የተሠራበትን ዓመት የሚያመለክት ትንሽ ቅርጽ ያትም ነበር፤ ነገር ግን ቅርጾቹ በየሃያ ዓመቱ ይደገማሉ። ስለዚህ ለ1947 የሚሆነው ምልክት ለ1927ም ለ1967ም ይሆናል። ከዚህም በላይ ምልክት ያለው ቁራጭ ፍጡሩ ከሚታይበት ክፍል የተቆረጠ ለመሆኑ ማስረጃ አልነበረም። መጽሐፉ ሌላ፣ የዘመን ቃል ያለበት ቅጠል ሌላ እንደ ማለት ነው።

ሐኪሞች በበኩላቸው የሬሳው አቆራረጥ የባለሙያ እጅ እንደማይመስል፣ ካሜራውም ዋናው ነገር ሊታይ ሲል ጥራቱን እንደሚያጣ ተናገሩ። ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በ1998 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2006) ሳንቲሊ ራሱ ፊልሙ በለንደን በአንድ ቤት ውስጥ የተሠራ መሆኑን አመነ፤ ሬሳውን የሠራው ጆን ሐምፍሪስ የተባለ ቀራጺ ነበር፤ በውስጡም የበግ አንጎልና የዶሮ አንጀት ተጨምሮበት ነበር። ሳንቲሊ ግን «ቀድሞ እውነተኛ ፊልም አይቼ ነበር፤ ስለ ተበላሸ መልሼ ሠራሁት» ከማለት አልተመለሰም። እንዲህ ያለውን ምክንያት መቀበል፣ የጠፋውን መጽሐፍ በቃሉ ጽፎ «ይህ የጥንቱ ነው» የሚለውን ሰው መቀበል ነው።

ከዚህ በተለየ መንገድ የሚሄድ ሌላ ታሪክ አለ፤ በዚህኛው ቪዲዮዎቹ እውነተኞች ናቸው። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የአሜሪካ የባሕር ኃይል አብራሪዎች በልዩ ካሜራ የቀረጿቸውን ነገሮች አወጣ። የመከላከያ ሚኒስቴሩም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ሦስት ቪዲዮዎችን በራሱ ስም አወጣ፤ አንዱ በ1997 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2004)፣ ሁለቱ በ2007 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2015) የተቀረጹ ናቸው። የምሥክሩ ማንነት በዚህ ታወቀ፤ የቀረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከሦስቱ «ጎ ፋስት» በሚባለው ቪዲዮ አንድ ትንሽ ነጭ ነገር ከባሕሩ በላይ እጅግ ሲሮጥ ይታያል። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ያቋቋመው በዴቪድ ስፐርግል የሚመራው ጉባኤ መስከረም 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በሥዕሉ ላይ የተጻፉትን የከፍታና የማዕዘን ቁጥሮች ወስዶ አሰላ። ነገሩ በባሕሩ ገጽ ላይ ሳይሆን በ4 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነበር፤ ፍጥነቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህም ነፋስ የሚወስደው ነገር ፍጥነት ነው። እጅግ የሚሮጠው ካሜራውን የያዘው አውሮፕላን ነበር። ወደ ሀገር ቤት በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በመስኮት ሲያይ በቅርብ ያለው ዛፍ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የሩቁ ተራራ ግን አብሮት የሚጓዝ ይመስላል።

እንዲህም ሆኖ ሁሉ ነገር ተፈታ ማለት አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ሥር እነዚህን ጉዳዮች የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሾን ከርክፓትሪክ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ሁለት ቪዲዮ አሳዩ። አንደኛው በ2022 እ.አ.አ. በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው አልባ አውሮፕላን የቀረጸው የብረት መልክ ያለው ድቡልቡል ነገር ነው። ሁለተኛው በደቡብ እስያ የተቀረጸ ሲሆን፣ ከኋላው ጭራ የሚመስል ነገር ይታይ ነበር፤ እርሱም ተመርምሮ ተራ የመንገደኞች አውሮፕላን ሳይሆን እንደማይቀር፣ ጭራውም ከካሜራው አሠራር የመጣ እንደሆነ ተነገረ። ስለ መጀመሪያው ግን ኃላፊው ምን እንደሆነ ለመወሰን መረጃው እንደማይበቃ ተናገሩ። «አልታወቀም» የሚለው ቃል በራሱ የተሟላ መልስ ነው፤ «ከሌላ ዓለም የመጣ ነው» ከሚለው ጋር ግን አንድ አይደለም። ብዙ ክርክር የሚበላሸው ከፊተኛው ወደ ኋለኛው በዝላይ ስለሚኬድ ነው።

ከሰማይ በእርግጥ የሚወርድ ነገርም አለ። በጥር 2001 እ.አ.አ. ዴልታ 2 ከተባለው የአሜሪካ ሮኬት የቀረ የሞተር ቀፎ ወደ ምድር ተመልሶ ከሪያድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሳዑዲ ዐረቢያ በረሃ ወደቀ። ከቲታኒየም የተሠራ ሲሆን 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ «የባዕዳን መርከብ» ለማለት ምንም አይጎድለውም፤ ጠቁሮ፣ ሉል መስሎ በአሸዋ ላይ ተቀምጧልና። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኬንያ ማኩዌኒ አውራጃ በሙኩኩ መንደር 500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ፤ የኬንያ የጠፈር ድርጅትም የሮኬት ክፍል መሆኑን ገለጠ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በምሽት እሳት የሚመስሉ ነገሮች ተከታትለው በሰማይ ሲያልፉ ታዩ፤ ብዙ ሰውም ቀረጻቸው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም የሰማይ ድንጋይ እንደሚመስል አስታወቀ። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ጊዜው ነው። ተወርዋሪ ድንጋይ በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል፤ የሳተላይት ወይም የሮኬት ፍርስራሽ ግን በሰከንድ ከ8 ኪሎ ሜትር በታች እየሄደ አግድም ስለሚገባ፣ እየተቆራረጠና እየነደደ ረጅም ጊዜ ይታያል። በዚያው ወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ወጥቶ ነበር። ምድሩ በሚናወጥበት ጊዜ ከሰማይ እሳት ወረደ የሚል ቪዲዮ ጅዳ ላለች ልጅ ሲደርስ እናቷ ያለችበትን ለማወቅ ያላት መንገድ ያው ስልክ ብቻ ነው። እዚህ ላይ «ባዕዳን መጡ» የሚለው ሰው ያስጨንቃታል፤ «ሁሉም ውሸት ነው» የሚለውም አልረዳትም፤ እሳቱ በእርግጥ ታይቷልና። የሚረዳት፣ ይህ በደቡብ የታየ ነው፤ መንቀጥቀጡ ግን በአዋሽ በኩል ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም ብሎ የሚለይላት ነው።

«ሁሉም ውሸት ነው» ማለት ብልህነት የሚመስላቸው አሉ። በሳዑዲ ዐረቢያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ይህ ቃል ብዙ ያስከፍላል። ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር ስለሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ዘገባ አወጣ፤ የድንበር ጠባቂዎች በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደሉ የሚል ነው። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የሌለው ነው ሲል አስተባበለ። ድርጅቱ 42 ሰዎችን ከማነጋገሩ ሌላ ከ350 በላይ ቪዲዮዎችንና ፎቶግራፎችን፣ ከሳተላይት የተነሡ ሥዕሎችንም መረመረ። በእንዲህ ያለ ምርመራ በቪዲዮው ጀርባ የሚታየው ተራራ ከሳተላይት ሥዕል ጋር ይመሳከራል፤ የጥላው አቅጣጫ ከሰዓቱ ጋር ይነጻጸራል፤ ሥዕሉ ከዚያ በፊት በሌላ ስም ወጥቶ እንደሆነ ይፈለጋል። የኢየሩሳሌምን ብርሃን ሐሰትነት የገለጠው የምርመራ መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው። አንዱ ዘዴ ሐሰተኛውን ይጥላል፤ ለእውነተኛው ምሥክር ደግሞ ይቆምለታል። ቪዲዮን ሁሉ መናቅ የለመደ ሰው፣ የወንድሙን ሞት የሚያሳይ ቪዲዮ በመጣ ጊዜም የሚለው ቃል ያንኑ ነው።

አሁን ችግሩ ከብዷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኦፕንኤአይ የተባለው ድርጅት ሶራ የሚባለውን ፕሮግራም ለዓለም አሳየ፤ ይህም በጽሑፍ የተሰጠውን ቃል ወደ ቪዲዮ የሚለውጥ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በዝተዋል። በእነዚህ ቪዲዮዎች የተለጠፈ ብርሃን፣ የተገለበጠ ዳርቻም ላይገኝ ይችላል፤ ሥዕሉ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈጠራ ነውና። ስለዚህ ምርመራው ከሥዕሉ ውስጥ ወጥቶ ወደ ሥዕሉ ታሪክ እየሄደ ነው፤ ማን ቀረጸው? በምን መሣሪያ? መጀመሪያ ለማን ሰጠው? ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንድ የካሜራ ሠሪዎችም ሥዕሉ ሲነሣ የማይታይ የምሥጢር ማኅተም አብረው ማተም ጀምረዋል፤ በኋላ የተለወጠ ነገር ቢኖር ማኅተሙ ይሰበራል።

በእጅ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም የራሱ መዝገብ አለው። በስልኩ ውስጥ ባለው በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ አንዳንድ ጊዜም ቦታው አብሮ ተጽፎ ይቀመጣል። በመልእክት መላኪያዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን ቪዲዮው እንዲቀል ስለሚጨመቅ ይህ መዝገብ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ሥዕሉም በየመተላለፊያው እየደበዘዘ ይሄዳል። በሩዋይስ ባሕር ዳር አንድ እንግዳ ነገር ያየ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቢኖር የቆመበትን ቦታ፣ ያየበትን አቅጣጫና ሰዓቱን መጻፍ፣ ከብርሃኑ ጋር አንድ የታወቀ ሕንጻ ወይም የባሕሩን ዳርቻ አብሮ መቅረጽ፣ የመጀመሪያውንም ቅጂ ከስልኩ ሳያጠፋ ማስቀመጥ ነው።